ነጠላና ፊት በአንድ ፍሬም፦ የጅማ የፎቶ ሥራ ማስታወሻ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ

መስከረም፣ ዝናቡ ሲቀንስ

ጅማ ላይ ካሜራን የሚገድለው ከአቧራ ይልቅ እርጥበት ነው። ክረምቱን በቦርሳ ተዘግቶ የከረመ ሌንስ ሳይመረመር ለሥራ አይወጣም። ምርመራው ቀላል ነው፦ የፊትና የኋላ ክዳን ይወልቃል፣ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ) እስከ መጨረሻ ይከፈታል፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ የስልክ መብራት ከኋላ በኩል ጋደል ተደርጎ ይበራበታል። የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ክር ከታየ ሻጋታ ነው። ነጥብ ነጥብ ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አቧራ ነው፤ ፎቶ ላይ አይታይም፣ ገንዘብ የሚያስወጣም አይደለም።

የ50 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ኋላ መስታወት ጠርዝ ላይ ክር ተገኘ። ከውጭ ያለው መስታወት ላይ ስለሆነ በንጹሕ አልኮልና በሌንስ ጨርቅ ወጣ። ውስጥ ቢሆን ኖሮ መፍታት ይጠይቃል፣ ብዙ ከቆየ ደግሞ ሽፋኑን ስለሚበላው ቢጸዳም ጠባሳው አይለቅም። ፀሐይ ላይ ማስጣት የሚባለው ምክር ሻጋታውን ቢያዳክም እንኳ ክሩን አያስወግድም፤ ሌንሱን አለቅጥ ማሞቁ ሌላ ጣጣ ነው።

መከላከያው ርካሽ ነው። 30 ሊትር የሚይዝ፣ ክዳኑ ላይ ጎማ ያለው የፕላስቲክ ሣጥን፣ ግማሽ ኪሎ ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚስብ ጠጠር)፣ አንድ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ። ልኬቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ መሃል መቆየት አለበት። ከ60 ሲያልፍ ሻጋታ ምቹ ጊዜ ያገኛል፤ ከ30 በታች ሲወርድ ደግሞ የሌንሱ ቅባትና ጎማ ይደርቃል። በሲሊካ ፋንታ ሩዝ መጠቀም አይረባም፣ የሚስበው ጥቂት ነው፣ ዱቄቱም ሌንስ ውስጥ ይገባል። ብርቱካናማው ሲሊካ ሲጠግብ ቀለሙ ይለወጣል፤ በዝቅተኛ እሳት፣ 120 ዲግሪ አካባቢ፣ ለሁለት ሰዓት እያገላበጡ ማድረቅ ይመልሰዋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ መበተን ግን አይሆንም፣ ከሚፈለገው በላይ ይሞቃልና ጠቋሚው ቀለም ይቃጠላል። ሰማያዊው ዓይነት ኮባልት ስላለበት ምግብ በሚሠራበት ዕቃ አይነካም።

የቆዳ ቦርሳም ሆነ የሌንስ ቆዳ ማኅደር እርጥበት ያዥ ነው። ለጉዞ እንጂ ለማስቀመጫ አይሆንም።

መስከረም መጨረሻ፣ ጅሬን

ለጥር ሠርጎች ቦታ ፍለጋ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው ወጣ ብሎ ጅሬን ኮረብታ ላይ ነው፣ በባጃጅ ይደረሳል። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡበት፣ ከእንጨት የተሠራ ባለ ፎቅ ቤት ነው። ለፎቶግራፍ ሰው ዋናው ሀብት በረንዳውና ወጣ ያለው የጣሪያ ክንፍ ነው፤ ጥላው ጥልቅ ስለሆነ እኩለ ቀን ላይም ፊት የሚነሣበት ብርሃን ይገኛል።

አቀማመጡ እንዲህ ነው፦ ሰውየው ከጥላው ጠርዝ ወደ ውስጥ አንድ ሜትር ያህል ገብቶ ፊቱን ወደ ሰማዩ ያዞራል። ጠርዙ ላይ ከቆመ አፍንጫው ወይም ትከሻው ፀሐይ ይነካውና ፎቶው ላይ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል። ሁለት ሦስት ሜትር ከገባ ደግሞ ብርሃኑ ይሞታል፣ ዓይኑም ውስጥ የብርሃን ነጥብ አይቀርም። ከፊት ያለው መሬት ምንድን ነው የሚለውም መታየት አለበት። ቀይ አፈር ቀይ ይረጫል፣ ሣር አረንጓዴ ይረጫል። ለሙሽራ ነጭ ቀሚስ የመጀመሪያው ይሻላል፤ ቀዩ ሙቀት ይመስላል፣ አረንጓዴው ግን ሕመም ይመስላል።

ክፍሎቹ ውስጥ በመስኮትና በጨለማው ጥግ መካከል ያለው ልዩነት ካሜራው ከሚይዘው በላይ ነው። ባዶ ክፍል ከሆነ በትሪፖድ ሦስት ፍሬም በሁለት ሁለት ስቶፕ ልዩነት ተነሥቶ ይዋሐዳል (አንድ ስቶፕ ብርሃኑ በእጥፍ ሲጨምር ወይም በግማሽ ሲቀንስ ነው)። ሰው ካለበት ይህ አይሠራም፤ መስኮቱ እንዲነድ ትቶ ፊትን መያዝ ነው። ሰፊ ሌንስ ሲያዝ ካሜራው ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይጋደል ይያዝ፣ አለዚያ የእንጨት ምሰሶዎቹ ወደ ኋላ የሚወድቁ ይመስላሉ።

ሰዓት። በዚህ ወር ፀሐይ 12 ሰዓት ከ20 ገደማ ትወጣለች፣ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ከአናት ብዙም አትርቅም። ስለዚህ ከጥላ ውጭ ለሚነሣ ፊት ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊትና ከ10 ሰዓት በኋላ። ጠዋት ግን ሸለቆው ጉም ይይዛል። ለሠርግ ጉም ችግር ነው፣ ለከተማ ገጽታ ፎቶ ግን ከጅሬን የተሻለ መቆሚያ የለም። የትሪፖድና የሠርግ ቀረጻ ፈቃድ በር ላይ የሚጠየቅ ነገር አይደለም፤ ሙሽሮቹ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ደብዳቤ ከመፈለግ አስቀድሞ ማስፈቀድ ነው።

ቦዬ ረግረግም ታየ። ራሱ ላይ ወርቃማ ዘውድ የመሰለ ላባ ያለው ትልቁ ወፍ ይገኝበታል፤ ለዚያ 400 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል። ለሠርግ ግን አይሆንም። መሬቱ ጭቃ ነው፣ የሙሽራ ቀሚስ ጫፍ ጭቃ ከነካ በኋላ የሚነሣው ፎቶ ሁሉ ከወገብ በላይ ይሆናል። ተሰረዘ።

ጥቅምት አጋማሽ፣ የቡና ሥራ

ከአጋሮ በኩል ካለ ቡና ማጠቢያ ለገዢ የሚላክ ፎቶ ታዘዘ። ደንበኛው የሚፈልገው ለቀማ፣ እጥበት፣ አልጋ (ከፍ ያለ የማድረቂያ ጠረጴዛ) ላይ ማድረቅና የሠራተኞች ፊት ነው።

ለቀማው ጥላ ዛፍ ሥር ነው፤ ከላይ ዋንዛ፣ ሰሳ፣ ብርብራ፣ ከታች ቡናው። ሁለት ችግር አለ። አንደኛ፣ በቅጠል መሃል የሚያልፈው ፀሐይ ፊት ላይ ነጭ ነጭ ቁርጥራጭ ይጥላል፤ በኤዲት አይስተካከልም። ደመና መጠበቅ ወይም ሰውየውን ሁለት እርምጃ ማዛወር ብቻ ነው መፍትሔው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ነጭ ስስ ጨርቅ በሁለት እንጨት ወጥሮ ከራስ በላይ መያዝም ይሠራል፣ ረዳት ካለ። ሁለተኛ፣ በቅጠል ተጣርቶ የሚመጣው ብርሃን አረንጓዴ ነው። አውቶ ኋይት ባላንስ (ካሜራው ራሱ ቀለም የሚያመዛዝንበት) ከፍሬም ፍሬም ስለሚዋልል ግራጫ ካርድ አንዴ ተነሥቶ ሁሉም ሮው (ያልተሠራበት የካሜራ ፋይል) በእሱ ተስተካከለ፤ ቲንቱ (የአረንጓዴና የማጀንታ ሚዛኑ) ወደ ማጀንታ ከ10 እስከ 15 ሄደ። ካርድ ባይኖር የሠራተኛው ነጭ ጆንያ አይተካውም፣ ጆንያ ራሱ ቢጫነት አለው።

ሴቲንግ፦ ኤፍ (የአፐርቸሩ ልክ) 2.8፣ ሹተር (ፎቶው የሚነሣበት ፍጥነት በሰከንድ) 1/250፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከ800 እስከ 1600። ከ1/250 ከዘገየ የሚለቅም ጣት ይደበዝዛል። የሚለቅም እጅ ከሚታሰበው ይልቅ ይፈጥናል።

አንድ ነገር ከፎቶ ዕውቀት ውጭ ነው፣ ግን ሥራውን ያበላሻል። ቅርጫቱ ውስጥ አረንጓዴ ፍሬ ከታየ ቡና የሚያውቅ ገዢ ፎቶውን አይቶ የሚያስበው ስለ ለቀማው ጥራት ነው። ስለዚህ ቅርጫት በቅርብ ከመነሣቱ በፊት የለቀማ ኃላፊው ይጠየቅ። ፍሬ እየመረጡ ማውጣት ማታለል ነው የሚል ካለ፣ ልክ ነው፤ እኛ ያደረግነው ጠዋት የመጣውን ትቶ በደንብ የተለቀመውን ቅርጫት ማንሣት ነው።

አልጋው ላይ ያለው የታጠበ ቡና ከቅርፊቱ ጋር ስለሆነ ነጭ ነው ማለት ይቻላል። ጠራራ ላይ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8፣ 1/500 ይጠይቃል፤ በዚህ ልኬት ባርኔጣ ያደረገች ሠራተኛ ፊት ጥቁር ጥላ ብቻ ይሆናል። ካሜራው አውቶ ላይ ከሆነ ይብሳል፣ ነጩን አይቶ ሁሉንም ያጨልማል። ፊቱን ያዳነው አልጋው ራሱ ነው። አልጋው እስከ ወገብ ድረስ ከፍ ያለ በመሆኑ፣ ሠራተኛዋ ለማገላበጥ ጎንበስ ስትል ነጩ ቡና ከታች ወደ ፊቷ ብርሃን ይመልሳል። ቀጥ ስትል ይጠፋል። እንግዲህ ፎቶው የሚነሣው ጎንበስ ባለችበት፣ ካሜራው አልጋው ከፍታ ላይ ዝቅ ብሎ፣ ልኬቱም ከፊቷ ተወስዶ ነው። ከበስተጀርባ ያለው ቡና አንድ ስቶፕ ቢነድ ማንም አይጎዳም።

ልኬት ከፊት ለመውሰድ መቅረብ ካስቸገረ መዳፍ ይበቃል። በዚያው ብርሃን ውስጥ የራስን መዳፍ በስፖት (ካሜራው አንዲት ነጥብ ብቻ በሚለካበት) መለካትና አንድ ስቶፕ መጨመር። መዳፍ የማንም ቢሆን ከመካከለኛ ግራጫ በአንድ ስቶፕ ገደማ ይደምቃል፣ የፊት ቀለም ይለያይ እንጂ መዳፍ ያን ያህል አይለያይም።

ዕቅዱን የቀየረው ደግሞ ሽፋኑ ነው። ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ እስከ 9 ሰዓት ቡናው በፀሐይ እንዳይሰነጠቅ ይሸፈናል፤ በዚያ ሰዓት አልጋው ላይ የሚነሣ ነገር የለም። እኩለ ቀኑ ለእጥበት ቦዩና ለመጋዘኑ ተመደበ። ቦዩ አጠገብ ካሜራው በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ የሌንሱ አፍ ብቻ በጎማ ታስሮ ወጣ። የውኃውን ነጸብራቅ ለመቁረጥ ፖላራይዘር ተገጠመ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ስቶፕ ብርሃን ይወስዳል፣ አይኤስኦውን በዚያው ልክ ማሳደግ ነው። መጋዘኑ ውስጥ የኤልኢዲ አምፖል ስላለ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ወጣ። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ሹተር 1/100 ወይም 1/50 ሲሆን መስመሩ ይጠፋል። 1/250 ላይ የቀረ ሰው ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ካሜራውን ለጥገና ይወስዳል።

ለሠራተኞቹ ፎቶው በቴሌግራም ተላከ። እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል፤ በፋይል ሲላክ ብቻ ለማሳተም ይበቃል።

ኅዳር፣ የአረጋውያን ነፃ ፎቶ፣ ዝግጅት

ጉርድ ፎቶ ለሌላቸው፣ ከቤተሰብ ጋር የተነሡት የታተመ ፎቶ ለሌላቸው አረጋውያን በነፃ አንሥቶ ወዲያው አትሞ መስጠት ነው ሐሳቡ። ቦታው የሰፈር አዳራሽ፣ 5 በ7 ሜትር።

የዕቃ ዝርዝር፦ 6 ሜትር ነጭ አቡጀዲ ለባክግራውንድ፣ ሁለት ስታንድና አንድ ረጅም የጣውላ ዘንግ፣ ሁለት በእጅ የሚስተካከሉ ፍላሾች ከሬዲዮ ማስነሻ ጋር፣ አንድ ነጭ ዣንጥላ፣ ብርሃን የሚመልስ አንድ ሜትር በ70 ሳንቲ ሜትር ነጭ ፎም፣ 16 የሚሞሉ ባትሪዎች፣ 20 ሜትር ማራዘሚያ፣ እጀታ ያለው ወንበር፣ የወረቀት መቁረጫ። ብዛቱን እንጂ ዋጋውን አልጻፍኩም፤ የዛሬ ዋጋ ለሚቀጥለው ወር አይሆንም። የሚያስከፍለው ግን ወረቀትና ቀለም ነው፣ ሌላው አንዴ ይገዛል።

አቡጀዲ ካልታጠበና ካልተተኮሰ እጥፋቱ በፎቶ ላይ እንደ መንገድ ካርታ ይወጣል። መተኮስ በዋዜማው፣ በዘንጉ ጠቅልሎ መውሰድ፣ ማጠፍ የለም።

ሙከራ ላይ አቡጀዲው ግራጫ ሆኖ ወጣ። ምክንያቱ ርቀት ነው። ፍላሹ ከፊት 80 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው፣ ጨርቁ ከሰውየው ኋላ አንድ ሜትር ተኩል፤ ብርሃን በርቀት ካሬ ስለሚቀንስ ጨርቁ ላይ የሚደርሰው ከሦስት ስቶፕ ያላነሰ ይወርዳል። ሰውየውን ወደ ጨርቁ ማስጠጋት ይፈታዋል፣ ነገር ግን የራሱ ጥላ ጨርቁ ላይ ይወድቃል። የተሻለው ሁለተኛውን ፍላሽ ከወንበሩ ኋላ መሬት ላይ አስቀምጦ ወደ ጨርቁ ማዞር ነው፣ 1/8 ኃይል በቃ። ከዚያ በላይ ሲሆን ነጩ ይፈስና የፀጉርና የጆሮ ጠርዝ ይበላል።

አሁን ዋናው፦ ነጠላ። አብዛኞቹ እናቶች ነጭ ለብሰው ነው የሚመጡት፣ አባቶችም ጋቢ። ፊቱን ትክክል ስታደርግ ነጠላው ጥለቱና ሽመናው ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ይሆናል፣ ነጠላውን ስትጠብቅ ፊቱ ይጨልማል። ኤዲት ላይ ፊትን ማንሣት ይቻላል የሚሉ አሉ፤ ይቻላል፣ ነገር ግን የጨለመ ፊት ሲነሣ ኖይዝ (አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ) ይዞ ይነሣል፣ ቆዳውም አመድ ይመስላል። ከመነሻው ብርሃኑን ማስተካከል ይሻላል።

ዘዴው መብራቱን ማቅረብና ከፍ ማድረግ ነው። ዣንጥላው ከፊት 80 ሳንቲ ሜትር፣ ከዓይን በላይ ሲሆን ከደረት 1 ሜትር ከ10 ገደማ ይርቃል። በዚህ ልዩነት ብቻ ደረት ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ አንድ ስቶፕ ማለት ነው። መብራቱ 2 ሜትር ተኩል ላይ ቢሆን ፊትም ደረትም አንድ ዓይነት ብርሃን ያገኙ ነበር። በዚህ ላይ ዣንጥላው ወደ ደረት ሳይሆን በትንሹ ወደ ላይና ወደ ፎሙ ዞሮ ጠርዙ ብቻ ነጠላውን ይነካዋል። ፎሙ በሌላው ጉንጭ በኩል፣ ከፊት ግማሽ ሜትር። ሴቲንግ፦ 1/160፣ ኤፍ 5.6፣ አይኤስኦ 200፣ ፍላሽ ሩብ ኃይል። መጋረጃ መዝጋት አያስፈልግም፣ 1/160 ላይ የአዳራሹ ብርሃን አይገባም ማለት ይቻላል።

ነጠላው ራስ ላይ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ከፍ ያለው መብራት መጀመሪያ የሚያገኘው ግንባር ላይ ያለውን ነጭ ነው። ያኔ መብራቱ ወደ ግንባር ቁመት ይወርዳል፣ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ሂስቶግራሙ (የፎቶውን የብርሃን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) የቀኝ ጠርዝ እስከማይነካ ድረስ አንድ ሦስተኛ ስቶፕ ይቀነሳል። ለጉርድ ግን «እማማ፣ ነጠላዎን ትንሽ ወደ ኋላ ያድርጉልን፣ ጆሮዎ ይታይ» ማለትም አለ፤ ካልፈለጉ አይገደዱም።

መነጽር ካለ የመነጽሩ እጀታ ጆሮ ላይ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲል መስታወቱ ወደ ታች ይጋደልና ነጸብራቁ ይጠፋል። ዓይናቸው ብርሃን ለሚፈራ ሰው የመጀመሪያው ብልጭታ ወደ ግድግዳ ይሁን፣ እንዲለምዱት።

ኅዳር መጨረሻ፣ የነፃ ፎቶው ሥራና ሕትመት

ተራ በቁጥር። የእያንዳንዱ ሰው የመጀመሪያ ፍሬም ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ይዞ ነው፤ ስም ዝርዝሩ ከሌላ ሰው ጋር ነው። ይህ ካልተደረገ ማታ ላይ የማን ፎቶ የማን እንደሆነ ለመለየት ግማሽ ሌሊት ይሄዳል። ብዙዎቹ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ስለሆኑ ፈቃዱን በሁለቱም ቋንቋ የሚያነብ ሰው በር ላይ ተቀመጠ። ፈቃዱ ሁለት ነው፦ አትሞ ለባለቤቱ መስጠት፣ ሌላው በሌላ ቦታ ማሳየት። ሁለተኛውን ያልፈቀደ ሰው ፋይሉ ሕትመቱ እንዳለቀ ይጠፋል። መፈረም ለማይችሉ በምስክር ፊት አሻራ። ለመለመኛ የሚሆን ፎቶ፣ እጅ ዘርግቶ ወይም እንባ ጠብቆ፣ አይነሣም፤ ይህ የበጎ አድራጎት ፎቶ ላይ የሚታየው መጥፎ ልማድ ነው።

አታሚው ኤፕሰን ኤል 805፣ ባለ 6 ቀለም። መጀመሪያ በተራ ወረቀት የኖዝል ቼክ (የቀለም ቀዳዳዎቹ ፍተሻ)፤ አንድ መስመር ከተቆረጠ ማጽዳት፣ ከሁለት ጊዜ በላይ ግን አይደጋገምም፣ ቀለም ይጨርሳል። የመጀመሪያው ሕትመት አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፣ ኖዝሉ ሙሉ ነበር፤ ችግሩ የወረቀቱ ዓይነት በሴቲንግ ተራ ወረቀት ተብሎ መቅረቱ ነው። ግሎሲ (የሚያብረቀርቅ የፎቶ ወረቀት) ተብሎ ሲቀየር ቆዳው ተመለሰ።

መጠን በ300 ነጥብ በኢንች፦ 10 በ15 ሳንቲ ሜትር 1181 በ1772 ፒክስል፣ 13 በ18 ደግሞ 1535 በ2126። ጉርድ 3 በ4 ሳንቲ ሜትር 354 በ472 ነው፤ በአንድ 10 በ15 ወረቀት ላይ 9 ይገባል፣ ሦስት በሦስት፣ ለመቁረጫ ቦታ ተርፎ። 10 ለማስገባት መሞከር መቁረጫውን ያሳብዳል።

መብራት ጠፋ፤ ይጠበቅ የነበረ ነው። ኢንክጄት (እንደ እኛ ያለ ቀለም የሚረጭ አታሚ) ብዙ ኃይል ስለማይወስድ ትንሽ ዩፒኤስ (ባለ ባትሪ የኃይል መጠባበቂያ) ይሸከመዋል፣ ሌዘር ቢሆን ይጥለው ነበር። የዩፒኤሱ ጥቅም ግን መቀጠል ብቻ አይደለም። ኃይል ድንገት ሲቆረጥ የአታሚው ጭንቅላት ክዳኑ ላይ ሳይመለስ መሃል መንገድ ይቀራል፣ ሳይዘጋ ካደረም ይደርቃል። ስለዚህ ሁልጊዜ በራሱ ቁልፍ እንጂ ከሶኬት ነቅሎ አይጠፋም።

የወጣው ፎቶ ወዲያው ፕላስቲክ ውስጥ ከገባ ይጣበቃል። ጉርዱ በዕለቱ ተሰጠ፤ ትልቁ የቤተሰብ ፎቶ አንድ ቀን ሙሉ ተዘርግቶ ከደረቀ በኋላ በላስቲክ ተሸፍኖ በማግስቱ። ላሚኔት በሙቀት የሚደረገው ለኢንክጄት ግሎሲ አይመከርም፣ አረፋ ያወጣል።

ታኅሣሥ፣ ለጥር

የሠርግ ወረፋው ከጥምቀት በኋላ ይበዛል። የነጭ ቀሚስና የጥቁር ሱፍ ጉዳይ ከነጠላው አይለይም፣ ሙሽራዋ ከመብራቱ ራቅ፣ ሙሽራው ቀረብ ብሎ ይቆማል፤ ሱፉ ብርሃን ይፈልጋል፣ ቀሚሱ አይፈልግም። ብዙ ጊዜ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል፣ ሙሽራዋን ለማክበር።

ከእንጨት ሠሪዎች ሁለት ባለ ሦስት እግር በርጩማ ተገዛ። አንዱ ዝቅ ያለ፣ አንዱ ከፍ ያለ፤ ቁመታቸው የሚለያይ ጥንዶችን ለማመጣጠን ከፖዝ ይልቅ ይረዳል። ቫርኒሹ የሚያብረቀርቅ ስለነበር ፍላሹን ይመልሳል፣ በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ደብዘዝ ተደረገ።

ሁለት ሜሞሪ ላይ በአንድ ጊዜ የሚጽፍ ካሜራ ለሠርግ ግዴታ ነው። ማታ ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ይገለበጣል፣ አንዱ ሌላ ቤት ያድራል። ፋይሎቹ በሁለቱም ዲስክ ተከፍተው ሳይታዩ ሜሞሪ አይጠፋም።

የአቡጀዲው ግማሽ ግራጫ ቀለም ለመንከር ተሰጥቷል። ግራጫ ጨርቅ ላይ የኋላው ፍላሽ ኃይሉ ሲጨመር ነጭ ወደ መምሰል ይቀርባል፣ ሲቀነስ ግራጫ ነው፣ ሲጠፋ ጥቁር ይሆናል፤ ሦስት ባክግራውንድ መሸከም ይቀራል። ለጉርድ ግን ነጩ ግማሽ ይቀመጣል። የሚቀረው ጅሬን በረንዳ ላይ በጥር ብርሃን መሞከር ነው፤ ፀሐይዋ በዚያ ወር ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ጥላው ከመስከረሙ ቦታ ይዛወራል፣ አንድ ሜትር የተባለው መቆሚያም እንደገና ይለካል።